በሪም ስም የዘለልኩት ገመድ

መጀመሪያ ማን የት ቆሞ እንደነበር ልናገር። በኋላ ነገሩ ሲደበላለቅ «እሷ ደግሞ የት ነበረች?» እየተባልኩ ከምጠየቅ፣ ከአሁኑ ሁሉንም ቦታ ቦታቸውን ማስያዝ ይሻላል።

ከአዳራሹ ፊት፣ ከተዘረጋው ነጭ መጋረጃ በስተቀኝ፣ ከትምህርት ቢሮ የመጣችው ተቆጣጣሪ ቆማለች። ሁሉም «ሙሽሪፋ» ይሏታል። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ዓይነት ሴት ናት። ከጎኗ የስፖርት መምህርቷ አብላ ሀናን፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላ። መሀል ወለሉ ላይ በተሰመረው ቢጫ ክብ ውስጥ ሪም፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ አዲስ ቱታ የለበሰች፣ የመዝለያ ገመድ የያዘች፣ ፊቷ እንደ ቀይ ሥር የቀላ። ከፊተኛው ረድፍ ወንበር ላይ እናቷ፣ ማለትም የእኔ ማዳም፣ ሽቶዋን ቀድሞ አስገብታ ራሷ በኋላ የተቀመጠች። ከኋላዋ ሌሎች እናቶችና ተማሪዎች፣ የሪም አጎት ሚስትም ከመሀላቸው። በሩ ላይ ዘይነባ፣ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ፣ የወሎ ልጅ፣ መወልወያዋን ተመርኩዛ። እኔ ከውኃ ማቀዝቀዣው አጠገብ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ በአንድ እጄ የሪምን ቦርሳ፣ በሌላው የተከተፈ ኪያር የሞላው ዕቃ ይዤ። ኪያሩ የጤና ሳምንት ስለሆነ ነው። ከኪያሩ ሥር የተጠበሰ ድንች አለ፤ እሱ ደግሞ ሪም ሪም ስለሆነች ነው።

ወንድ የለም፤ የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። ሾፌራችን ታደሰ ውጪ መኪናው ውስጥ ቅዝቃዜውን ለቅቆ ተኝቷል። ያን ቀን ከሁላችንም የተሻለ ቦታ የያዘው እሱ ነበር።

እንግዲህ እዚህ አዳራሽ እንዴት እንደደረስን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር ባለ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ ሪም ከመወለዷ በፊት ጀምሮ አለሁ። ስድሳን አልፌያለሁ። በስንት እንዳለፍኩት ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አንድ ነገር ይላል፣ ጉልበቴ ሌላ ነገር ይላል፤ ፖሊስ ሲጠይቀኝ ኢቃማዬን፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን አምናለሁ። ማዳም «ያ ሐጃ» ትለኛለች። ለአሮጊት የሚሰጥ ማዕረግ ነው እንጂ ሐጅ አድርጌ አላውቅም። መካ ለሪያድ ቅርብ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ለሚውል ሰው ግን ሁሉም አገር እኩል ሩቅ ነው። ሪም «ኻላ» ትለኛለች፣ አክስቴ እንደ ማለት። አፏን የፈታችው በዚህ ቃል ነው ይባላል። እናቷ ግን በ«ማማ» ነው የፈታችው ትላለች። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ አልተከራከርኩም።

ቤቱ ለጤና ግድ የለውም እንዳትሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የመሮጫ ማሽን ቆሟል። ማዳም በገዛችው ሰሞን ተራምዳበታለች፤ አሁን ካልሲና የባሏ ሸሚዝ ይሰጣበታል። እውነቴን ነው፣ ልብስ ለማድረቅ እንደሱ የሚመች ዕቃ አላየሁም፤ እጀታው ራሱ ለመስቀያ ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው። ስፖርት ለመሥራት ማዳም ዑለያ ሰፈር ድረስ ትሄዳለች። ስትመለስ ፎቶና ሻዋርማ ይዛ ትመጣለች። ፎቶው ለእህቶቿ ነው፣ ሻዋርማው ለራሷ። እኔ አልፈርድም። ቀኑን ሙሉ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ስወጣና ስወርድ የምውል ሰው ነኝና ስለ ስፖርት ምን አውቃለሁ።

ድሮ የሴቶች ትምህርት ቤት ስፖርት የሚባል ነገር አልነበረውም። አሁን አለው፤ መኖሩም ደግ ነው። ልጆቹ ከስልክ ላይ ቀና ብለው ኳስ ሲያዩ መጀመሪያ ላይ ምን እንደሆነ ግራ ይገባቸው እንደነበር ዘይነባ ነግራኛለች። ዘንድሮ ደግሞ የሰፈሩ ትምህርት ቤቶች በሙሉ የጤናና የእንቅስቃሴ ዘመቻ ታወጀባቸው። ጥብስ ክልክል፣ ጣፋጭ ክልክል፣ ቁርስ ግዴታ። ከዚያ የቤት ሥራ መጣ፤ እያንዳንዷ ተማሪ በቤቷ ገመድ ስትዘል በስልክ ተቀርጻ ለመምህርቷ ትላክ ተባለ። ማዳም ልጄ አትቀረጽም አለች። ብዙ እናቶችም እንደሷ አሉ። ትምህርት ቤቱ አስቦ አስቦ መፍትሔ አመጣ፤ ከጉልበት በታች ይበቃል አለ።

ይህን ውሳኔ ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። አላህ ይስጠው። በእኔ ጉልበት ላይ የደረሰው ሁሉ የመጣው ከጉልበት በታች ይበቃል ከሚለው ቃል ነው።

ሪም ሞከረች። ወፍራም ልጅ ናት፤ ስለዚህም ነገር ሰው እንዲያነሳባት አትፈልግም። ገመዱ አንዴ አንገቷ ላይ፣ አንዴ እግሯ ላይ ተጠመጠመ፤ በሦስተኛው የሳሎኑን መብራት አወረደ። ክፍሏን ዘግታ አለቀሰች። ማዳም ለልጇ ልቅሶ ጊዜ አላገኘችም፣ ለውጤቷ ግን አገኘች። የሌላው ትምህርት ውጤት ሁሉ ሙሉ ነው፤ በስፖርት ምክንያት ከአጎቷ ልጅ ታንሳለች ማለት ነው። የአጎቷ ልጅ እናትና ማዳም ከሠርጋቸው ጊዜ ጀምሮ ይፎካከራሉ።

ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከላይ ትንሽ፣ ከታች ብዙ። በልጅነትሽ ገመድ እዘል ነበር ብለሽ አልነበረም ወይ አለችኝ።

ብዬ ነበር። ምስር እየለቀምኩ ነው ያልኩት። ሰው ምስር ሲለቅም አፉ ይፈታል፤ ከዚያ ወዲህ ምስር የምለቅመው ዝም ብዬ ነው። ደሴ ተማሪ ሳለሁ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን በሰልፍ አቁሞ ገመድ ያዘልለን ነበር። ቁርስ በልተናል አልበላንም ብሎ ጠይቆን አያውቅም። በመላ ትምህርት ቤቱ ገመድ የማይነካኝ እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ከተማርኩት ሁሉ ሳዑዲ የፈለገችው ይህን ገመድ ብቻ ነው።

ማዳም ልጇን እንድተካ ጠየቀችኝ ብል ልክ አይሆንም። አዘዘችኝ ብልም ልክ አይሆንም። እጃዛዬን አነሳችብኝ።

እጃዛ ማለት ፈቃድ ነው፤ ሁለት ወር አገር ቤት ደርሶ መመለስ። ሐይቅ ከተማ ታላቅ እህቴ ከድጃ አለች። እኔ እዚህ ስውል ልጄን ያሳደገችልኝ እሷ ናት። አሁን ሰው መለየት እያቃታት ነው፤ ልጄን «የማን ልጅ ነሽ?» ትላታለች፣ ጎረቤቷን በእናታችን ስም ትጠራለች። የእኔን ድምፅ ግን በስልክ ስትሰማ ገና «ሃሎ» ሳልል በስሜ ትጠራኛለች። ከዚያ «መቼ ነው?» ትላለች። ሌላ ነገር አትልም። እኔም የእጃዛውን ነገር ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው፤ ይህችው አንዷ ስም ሳትጠፋባት ልድረስላት ብዬ ነው። ጨርሼ ልሄድ ደግሞ አልችልም፤ የከድጃ መድኃኒት የሚገዛው ከዚህ ነው።

«ሪም ሙሉ ውጤቷን ታምጣ፣ ወረቀትሽን አስጨርስልሻለሁ ኢንሻአላህ» አለችኝ ማዳም።

ኢንሻአላህ የተባረከ ቃል ነው። ታደሰ ክርስቲያን ሆኖ ከእኔ አብልጦ ይጠራዋል፤ መኪናው ካልተነሳ ኢንሻአላህ፣ ከተነሳም ኢንሻአላህ። በማዳም አፍ ግን በር ሳይንኳኳ የሚዘጋበት ለስላሳ አዘጋግ ነው። ይህን እያወቅሁ አዎ አልኩ።

ጣሪያው ላይ ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባን። የሪምን ቱታ ለበስኩ፤ ሁለት እኔን ይይዝ ነበር፣ ወገቡን በመቀነት አሰርኩት። ካልሲዋን አጠለቅሁ። ጫማዋ ስለሰፋኝ ጫፉ ላይ ሶፍት ጠቀጠቅሁበት። ሪም ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ስልኩን ወደ እግሬ አነጣጠረች። መስታወት አልነበረም፤ አልሃምዱሊላህ።

መጀመሪያ ልቤ ዘለለ። ከዚያ እኔ ዘለልኩ። ሆዴ ቆይቶ ዘግይቶ ተከተለን። ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ግን የሚገርም ነገር ሆነ፤ እግሬ አስታወሰ። ጭንቅላቴ የከድጃን ስልክ ቁጥር ይረሳል፣ እግሬ ግን የደሴውን ሜዳ አልረሳም። በአማርኛ እየቆጠርኩ፣ እያለከለክሁ፣ በመሀሉም የሆዴን እየተናገርኩ ዘለልኩ። ሪም አማርኛ አታውቅም ብዬ ነው። እሷም ከወለሉ ላይ ሆና ትስቅና ጥቂት ቀረሽ ትለኛለች። ልጅቱ ስትስቅ ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ደረጃ የምወርደው ወደ ኋላ ዞሬ ነበር። የባልየው እናት ለጥየቃ መጥተው አይተውኝ ይህቺ ሠራተኛ ጂን ይዟታል ብለው ቁርአን አስነበቡብኝ። ለጉልበትም ይሆናል ብዬ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

አብላ ሀናን ቪዲዮውን አይታ ማሻአላህ ብላ ጻፈች። የዚያን ያህል ልጅ ቪዲዮ እራት እየሠራች ነው የምታየው፤ ድምፁን ከፍታው አታውቅም። ይህን ያዙልኝ። ሙሉ ውጤት ሰጠች። እኔም እጃዛውን አነሳሁ። ማዳም ገና አንድ ቪዲዮ ነው፣ በየሳምንቱ ነው የሚፈለገው፣ ወሩ ይለቅ አለች።

ወሩን ሙሉ ዘለልኩ። ማዳም ቪዲዮውን ለእህቶቿ፣ ለአጎትየው ሚስትም ላከች። የሪም እግር እንዴት ቀጥኗል ተባለ። እናቷም አዎ ኪያር ስለምትበላ ነው አለች። ሰው የሌላ ሰው እግር ይዞ ይህን ያህል ሲኮራ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ደግሞ እኔው ሻይ ይዤ በገባሁበት እንግዶቹ ስልኩን እየተቀባበሉ የእኔን እግር ያደንቁ ነበር። ስኳር ስንት ላድርግ ብዬ ጠየቅሁና ወጣሁ።

ወሩ አለቀ። ሪም ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣች። እጃዛውን አነሳሁ። ማዳም ቪዲዮው ወደ ትምህርት ቢሮ ሄዷል፣ ከሰፈሩ ትምህርት ቤቶች ጋር ሊያወዳድሩ ነው፣ በዚህ መሀል ብትሄጂ ማን ይዘላል አለችኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ከድጃ «መቼ ነው?» አለች። የጤና ሳምንቱ ሲያልቅ አልኳት። የማን ጤና ብላ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ የተፈራው መጣ። ቢሮው የተመረጡትን ተማሪዎች በአካል ማየት እፈልጋለሁ አለ፤ ተቆጣጣሪዋ ራሷ ትመጣለች፣ ሪም በሰው ፊት ትዘላለች። ማዳም ሁለት ቀን ራሷን አመማት። በሦስተኛው ቀን የሪምን ቁርጭምጭሚት በፋሻ እንጠቅልለው የሚል ሐሳብ ይዛ ተነሳች። ሪም እምቢ አለች። ከተወለደች ጀምሮ እምቢ ስትል የሰማሁት በምግብ ጉዳይ ብቻ ነበርና ገረመኝ።

«ኻላ ታስተምረኝ» አለች።

በየማለዳው ፀሐዩ ሳይከር ጣሪያ ላይ ወጣን። ማስተማር አልችልበትም፤ የማውቀው መምህራችን ያደርግ የነበረውን ብቻ ነው፤ እሱም መቁጠርና መቆጣት ነበር። መቆጣቱን ተውኩት። ቆጠርኩ። ሪም መጀመሪያ ሁለት ላይ ትወድቅ ነበር፤ ቀጥላ አምስት ላይ። ምን እንደምል ስላላወቀች ድምፁን ብቻ ይዛ አብራኝ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስትን ስትል አፏን ታጣምማለች። በዐረብኛ ቁጠሪው ብላት በዐረብኛ ስቆጥር ገመዱ ይነካኛል፣ የሚሄደው በአንቺ ቋንቋ ነው አለችኝ። ሃያ የደረሰች ዕለት ገመዱን ጥላ አቀፈችኝ፤ ላቧ አባያዬን አራሰው። ደህና ነው፣ አሁን ቁርስሽን ብዪ አልኳት።

አሁን አዳራሹ ውስጥ ነን። እንዳልኳችሁ ሁላችንም ቦታችንን ይዘናል።

ወደ አዳራሹ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ሆኗል። ኮሪደሩ ላይ የጤና ጠረጴዛ ነበር፤ ነጭ የለበሰች ወጣት የመጣውን ሁሉ ግፊት ትለካለች። ቦርሳ ይዤ ሳልፍ ጎትታ አስቀመጠችኝ። ግፊቴን ለካች፣ ክብደቴን ለካች፣ ከዚያ እጄን ይዛ በለሆሳስ መከረችኝ። በእኔ ዕድሜ ያሉ ሴቶች መቀመጥ ያበዛሉ፣ ቢቻል በቀን ግማሽ ሰዓት ልንቀሳቀስ ይገባኛል። ከቻልኩም ቀለል ያለ ዝላይ። አመሰገንኳት። ብርቱካን ሰጠችኝ።

ተቆጣጣሪዋ ንግግር አደረገች። ጤና የቤት ሥራ ነው፣ በእናት ይጀመራል አለች። ማዳም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አብላ ሀናን ሪም ከመዝለሏ በፊት ሁላችንም ወደ አዳራሹ ያመጣትን ቪዲዮ እንይ ብላ መብራቱን ቀነሰች።

እግሬ ግድግዳውን አከለ።

በስልክ ላይ እግር እግር ነው። ግድግዳ ሲያክል ግን የሰው ታሪክ ነው። የሪም ቱታ በዘለልኩ ቁጥር ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ በካልሲውና በቱታው መሀል የእኔ ቅልጥም ብቅ ይላል፣ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ደም ሥሩ እንደ ሐረግ የተጠላለፈ። ቢጫው ክብ ውስጥ የቆመችው ሪም ደግሞ እንደ አይብ ነጭ ናት። ከኋላ አንዲት ተማሪ ሳቅ አመለጣት። ይህ እንኳ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ እናቶቹ መብራቱ ነው፣ ካሜራው ነው ብለው ሊያልፉት ተዘጋጅተው ነበር። ነገር ግን አዳራሹ ድምፅ ማጉያ ነበረው።

መጀመሪያ ማለክለክ መጣ። እንደ አሮጌ ማጠቢያ ማሽን። ከዚያ ቁጥር፣ በአማርኛ። ከዚያ የሪም ሳቅ፣ ከካሜራው ጀርባ፣ በጥርት ያለ ዐረብኛ፣ ያላ ኻላ ጥቂት ቀረሽ ስትል። ሪም ከጀርባ ካለች ከፊት የሚዘለው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ የትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ መሆን አያስፈልግም። ከዚያ የእኔ ድምፅ እንደገና መጣ፣ በረጅሙ።

ያልኩት ይህ ነበር፦ «ይቺ ሴትዮ ለልጇ ዝለዪ፣ እጃዛ እሰጥሻለሁ እያለች በገመድ ልትገድለኝ ነው። አንቺ ከድጃ፣ ብሞት አፉ በዪኝ።»

ከዚያ አዳራሽ ሁሉ ይህን የሰማነው ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ። ሌላዋ በሩ ላይ ነበረች፤ ዘይነባ በእጇ አፏን ይዛ፣ መወልወያዋ ወድቆ ተንኳኳ። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

መብራት በራ። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አገኘችው፣ አደረገችው፣ ሪምን አየች፣ የሪምን እግር አየች። በአዳራሹ ዙሪያ እግር እየፈለገች መጣችና እኔ ላይ ቆመች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ድምፅዋን ሳትጨምር ዘይነባን ጠራችና ቋንቋው የእናንተ ነው መሰለኝ፣ ሴትየዋ የምትለው ምንድን ነው አለቻት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ያን ጊዜ ስለቆምኩ ነው።

እውነቱ በራሴ ድምፅ፣ በድምፅ ማጉያ፣ በመላ አዳራሹ ፊት ተናግሮ ነበር። የቀረው ወደ ዐረብኛ መዞሩ ብቻ ነው። ዘይነባ ዐረብኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ደግሞም ከማዳም ጋር ምንም የላትም። አንድ ጊዜ አፏን ብትከፍት ማን እንዳዘዘ ይታወቃል። ነገር ግን የእኔ ወረቀት ያለው በማዳም እጅ ነው። በልጇና በአጎትየው ሚስት ፊት ያዋረዳትን ሰው ማን ለሁለት ወር እረፊ ብሎ ይሸኛል። ካልተዋረደች ግን ውለታ ይኖርባታል። እንዲህ አሰብኩ። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሰው ስሌት ነው።

ዘይነባ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፣ አትበዪ ብዬ።

«እትዬ» አለችኝ በአማርኛ፣ «ልናገርልዎት እንጂ።»

«ተዪው።»

ዘይነባ ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞራ አላህን እያመሰገነች ነው፣ ጉልበት ስጠኝ እያለች ነው አለች። እናቶቹ ማሻአላህ አሉ። ተቆጣጣሪዋ ግን አልጨረሰችም። ሪምን ልጄ፣ ይህን ማን አሰበው ብላ ጠየቀቻት። ሪም እናቷን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ ጫማዋን አየች፤ ሶፍት የጠቀጠቅሁበትን ያንኑ ጫማ። መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁና እንድትመልስ አልጠበቅሁባትም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በራሴ ነው ያደረግሁት። ልጅቱ ስላሳዘነችኝ ነው። ማዳም አታውቅም።»

ማዳም ተነፈሰች። ከተቀመጠችበት ሆና ስትተነፍስ ሽቶው እኔ ድረስ መጣ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ስሌቴ ልክ ይወጣ ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል፣ የአጎትየው ሚስትም ከኋላ አንገቷን አስግጋለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ማዳም ተነሳች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«በቤቴ ልጄን ውሸት የሚያስተምር ሰው አላኖርም» አለች። «ኸላስ፣ በቃ። ነገ ኹሩጅ ኒሃኢ አስመታላታለሁ።»

ኹሩጅ ኒሃኢ የመጨረሻ መውጫ ነው። ሄዶ አለመመለስ። እኔ ሄዶ መመለስን ነበር የለመንኩት፤ ግማሹ ተሰጠኝ። እናቶቹ አጉረመረሙ፣ ጥሩ አደረገች በሚል ዓይነት። አንዷ እንዲያውም እንዲህ ዓይነት እናት ናት የምታስፈልገን አለች። ጤና በእናት ይጀመራል ተብሎ የለ።

ማዳም ከልቧ ነበር የተናገረችው። ይህን ስታስቡ ታገኙታላችሁ፤ ንግግሩን ጀምራ እስክትጨርስ ድረስ ያልኩትን ራሷ አምናው ነበር። በኋላ ልታዝን ትችላለች፣ ልብስ የሚሰጣበትን ማሽን ስታይ። ቃሏን ግን እንደማትመልስ አውቃለሁ፤ የአጎትየው ሚስት ሰምታዋለች።

ተቆጣጣሪዋ ነገሩ የቤት ውስጥ ስለሆነ ልታልፈው ፈለገች። ሰዓቷን አየች። እንግዲህ እውነተኛይቱ ሪም ትዝለልና እንይ፣ ከቻለች ያለፈው አልፏል አለች። አብላ ሀናን ፊሽካዋን ነፋች።

ሪም ገመዱን ያዘች። የመጀመሪያው እግሯን ነካው። ክርኗን ወደ ጎኗ አስጠጋች፣ እንዳሳየኋት፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ደግማ ጀመረች። በዚህኛው ሄደ። ገመዱ ወለሉን በልኩ እየነካ፣ ቱታዋ ሳይሰበሰብ፣ ጠጉሯ ጀርባዋን እየመታ ዘለለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ከፊት የተቀመጡት ጸሎት መስሏቸው ይሆናል። ጸሎት አልነበረም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትላለች። ስድስት ላይ አፏን አጣመመች።

እናቷ እንባዋን በመሐረብ ጫፍ ጠረገች። እናቶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ጭብጨባውም የሷን ቁጥር ተከትሎ ሄደ።

ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ኪያሩንም ከጎኑ፣ ክዳኑን አጥብቄ። ብርቱካኑን ለዘይነባ ሰጠኋት። ዘይነባ በሩን ከፈተችልኝ። ሪም ሃያን አልፋ ስትሄድ ወጣሁ።